ካሜራ ማቆም ክልክል ነው

ማስታወቂያው ከመሰቀሉ በፊት ነገሩ እንዲህ ነበር። በመናፈሻው ሰፊ ደረጃ ፊት ለፊት፣ በድንጋይ ንጣፉ ላይ ሦስት ትንንሽ ጎድጓዳዎች አሉ። አንዱ ወደ ደረጃው ይቀርባል፤ ሁለቱ ወደ ኋላ ፈንጠር ብለዋል። ዝናብ ሲጥል ውሃ ይይዛሉ፤ ወፎች ይጠጡባቸዋል። ማንም ሆን ብሎ አልቆፈራቸውም። የአንዲት ተማሪ አባት የካሜራ መቆሚያ ሦስት እግሮች ለዓመታት እዚያው እያረፉ የቦረቦሯቸው ናቸው።

አባቷ እዚያ ቆሞ ሙሽሮችንና ተመራቂዎችን ያነሳል። መቆሚያውን ይዘረጋል፣ ካሜራውን ላዩ ላይ ያስራል፣ ከዚያ በቀጭን ገመድ ጫፍ ያለችውን ቁልፍ በአውራ ጣቱ ጫን ያደርጋል። ካሜራውን አይነካውም። ሰው ሁሉ «የድሮ ባለሙያ ወግ ነው» ይላል። ቤት ውስጥ ሁለቱ ብቻ ስለሆኑ እውነቱን የምታውቀው ልጁ ብቻ ናት። ከታመመ ወዲህ ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጣል። ሻይ የሚጠጣው ብርጭቆውን በሁለት እጁ አቅፎ ነው። ለምን ሲባል «እጄን ላሙቅ ብዬ» ይላል፤ በጠራራ ፀሐይም ቢሆን።

ሰኞ ዕለት ነጭ ቆርቆሮ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ሰሌዳ ተተከለ። «በዚህ ስፍራ ካሜራ ማቆም ክልክል ነው።»

«መቆሚያውን ይንቀሉት ጋሼ» አለ ጥበቃው። ከመናገሩ በፊት ሁልጊዜ ፊሽካውን ስለሚነፋ ልጅቷ «ፊሽካ» ብላ ስም አውጥታለታለች።

«ማንን አስቸገርን?» አለች።

«አንዲት እናት በአንዱ ካሜራማን መቆሚያ እግር ተጠልፈው ወደቁ። ከዚያ ወዲህ ትእዛዝ ነው።»

«በኛ እግር ነው የወደቁት?»

«በማንም ይሁን። እግር እግር ነው።»

«ያ የአይስክሬም ጋሪስ? መንገዱ መሃል ተገትሮ የለም እንዴ! ባለ አራት ጎማ ይቻላል፣ ባለ ሦስት እግር አይቻልም?»

«ጋሪው ካሜራ ነው? ሰሌዳው የሚለው ካሜራ ነው።» ፊሽካ ወደ አባቷ ዞረ። «በእጅዎ ይዘው ያንሱ። ሰው ሁሉ በእጁ አይደል የሚያነሳው? ምን ቸገረዎት?»

አባቷ መቆሚያውን አጥፎ በትከሻው አንጠለጠለና መንገድ ሲጀምሩ «ማቆም ክልክል ነው ካሉ እንግዲህ አናቆምም፤ ስንሠራ እንኖራለን» ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። ጥርሷን ነክሳ ስለነበር አፏን መክፈት አልቻለችም። ክፍል ውስጥ «ክብሪት» የሚሏት በከንቱ አይደለም።

ደግሞ ቅዳሜ እየደረሰ ነው። ቅዳሜ የክፍሏ ልጆች የመሰነባበቻ ፎቶ እዚያው ደረጃ ላይ ይነሳሉ። «ሞባይል አለ አይደል፣ ምን ፎቶግራፈር አስፈለገ?» ሲሉ፣ «የኔ አባት የሚያነሳውና የናንተ ሞባይል አንድ ነው?» ብላ ተከራክራ ሥራውን ያመጣችው ራሷ ናት።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ለአባቷ ሳትነግር በቀጥታ ወደ መናፈሻው ቢሮ ሄደች። አስተዳዳሪዋ መነጽራቸውን አውልቀው በትዕግሥት አዳመጧት። ይህም አናደዳት፤ ቢቆጧት ይሻል ነበር።

«ደንቡ ደንብ ነው፣ የኔ ልጅ» አሏት። «ግን ጨካኞች አይደለንም። አባትሽ የጤና ችግር ካለበት፣ እጁን ያመዋል እንበል፣ ንገሪኝ። ለጥበቃዎቹ በሙሉ እነግራቸውና ይፈቀድለታል።»

ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት። ግን «ለጥበቃዎቹ በሙሉ» የሚለው ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። ፊሽካ መጀመሪያ ፊሽካውን ሲነፋ፣ ቀጥሎ በሰው ፊት «ተዉአቸው፣ እሳቸው እጃቸው ይንቀጠቀጣል!» ሲል ታያት።

«ምንም አላመመውም» አለችና ወጣች። በሩን ግን ቀስ ብላ አልዘጋችውም።

ቤት ስትደርስ አባቷ ሌንስ እየወለወለ ነበር። ቦርሳዋን አልጋው ላይ ወረወረችው።

«አንድ ቃል እኮ ነው፣ አባዬ! አሞኛል በላቸው! ከዚያ ይፈቅዱልሃል!»

«ማን ነው የሚፈቅድልኝ?»

«ቢሮ ሄጄ ነበር።»

የሚወለውልበት ጨርቅ ቀጥ አለ። «ነገርሻቸው?»

«አልነገርኳቸውም! እሱ ነው የሚያበግነኝ! አንተ ትደብቃለህ፣ እኔ እዋሻለሁ፣ እነሱ ደግሞ ትክክለኛ ይመስላሉ!»

አባቷ ሌንሱን ክዳኑ ውስጥ አስቀመጠ። «አንቺ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ፀጉር አስተካካይ ጋ ሄዶ አንገቱን የሚሰጥ አለ? ምላጩን ሲያይ ሮጦ ነው የሚወጣው።»

«ካሜራ ምላጭ አይደለም!»

«ለኔ ነው። ዛሬ ለጥበቃው ይነገራል፣ ነገ ለሙሽሮቹ። ከዚያ ማን ነው ‹ና አንሳን› የሚለኝ?»

«ታዲያ ቅዳሜ በምንህ ልታነሳ ነው?»

«በእጄ።»

ሁለቱም እጁን ተመለከቱ። ጨርቁ ተመልሶ ይንቀጠቀጥ ጀምሯል። እሷ ቀድማ ዓይኗን ሰበረች፤ በዚህም በራሷ ተናደደች።

ቅዳሜ ልጆቹ በደረጃው ላይ በአራት ረድፍ ተደረደሩ። እሷ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ከዴስክ ጓደኛዋ አጠገብ ቆመች። ድምፁ ያለ ማጉያ ግቢውን ስለሚያዳርስ «ማይክ» የሚባለው ልጅ ከላይ በኩል ነው። ፊሽካ ሰሌዳው ሥር እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይጠብቃል።

አባቷ ካሜራውን በሁለት እጁ ወደ ዓይኑ አነሳ። አወረደው። የካሜራውን ማንገቻ አስተካከለ፣ ደግሞ አነሳው። ከሁለተኛው ረድፍ ሆና የሌንሱ ጫፍ አየር ላይ ትንሽ ክብ ሲሠራ ታየዋለች።

«ጋሼ፣ ካሜራው በርዶታል እንዴ?» አለ ማይክ።

ልጆቹ መሳቅ ጀመሩ። የአባቷ ፊት ላይ ያ የሻይ ብርጭቆው ፈገግታ መጣ። «እጄን ላሙቅ ብዬ» የሚልበት ፈገግታ። ደሟ ጆሮዋ ድረስ ተንደቀደቀ። ማይክን በጥፊ ማለት አማራት። ሰሌዳውን ነቅላ የመናፈሻው ፏፏቴ ውስጥ መጣል አማራት። ከሁሉ በላይ ደግሞ «አሞታል እኮ!» ብላ መጮህ አማራት።

ከረድፏ ወጥታ ደረጃውን ወረደች።

«ክብሪት! ወዴት ነው? ቦታሽ ሊያዝብሽ ነው!» አለች የዴስክ ጓደኛዋ።

«ይያዝ።»

በቀጥታ ወደ አባቷ ሄደች። ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች፤ ሁለት እግሮቿን ከኋላ ባሉት ሁለት ጎድጓዳዎች ላይ አሳረፈች። ቀኝ ትከሻዋንም በእጇ መታ መታ አደረገች። አባቷ ወደ እሷ ቀረብ አለ። ከዚያ የካሜራው ክብደት ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ ተሰማት። ግራ እጁ ከላይ ተጭኖ ያዘው።

ፊሽካው ተነፋ። «ምንድን ነው እሱ? ካሜራ ማቆም ክልክል ነው አልተባለም?»

«ማን አቆመ?» አለች፣ ዓይኗን ከደረጃው ሳትነቅል። «እኔ ራሴ ነኝ የቆምኩት። ሰው መቆም ተከልክሏል እንዴ?»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። «በለው! ክብሪት ተጫረች!» ብሎ ማይክ አጨበጨበ። ሁሉም ነገሩን ከጥበቃው ጋር እልህ መጋባት አድርገው ነው የወሰዱት። ፊሽካ ሰሌዳውን አየ፣ እሷን አየ፣ መልሶ ሰሌዳውን አየ። ፊሽካውን ወደ አፉ አስጠግቶ ነበር፤ ሳይነፋው ወደ ኪሱ ከተተው።

ቀጭ የሚል ድምፅ ጆሮዋ ሥር ተሰማ። አባቷ የካሜራውን ስክሪን ተመለከተና አንገቷ አጠገብ ጎንበስ አለ።

«ደብዝዟል» አላት በሹክሹክታ። «አሁን የምትንቀጠቀጪው አንቺ ነሽ።»

እውነቱን ነበር። 

«ንዴትሽን በኋላ ትቀጥያለሽ፣ ልጄ። አሁን ትንፋሽሽን ያዢልኝ።»

አየር ሳበችና ያዘችው።

የክፍሉ ተማሪዎች ሠላሳ ዘጠኝ ናቸው። በታጠበው ፎቶ ላይ ያሉት ሠላሳ ስምንት ሲሆኑ፣ ሁሉም በቀጥታ ወደ እሷ ያያሉ። በመጨረሻው ረድፍ በቆመው በማይክ ሸሚዝ ቁልፍ ላይ አራቱም የክር ቀዳዳዎች ይቆጠራሉ።