መስመሩን ያሰመረው ሰው

ሰውዬው ገደሉ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ነው የተገኘው። ቁስሉ ግን ማጅራቱ ላይ ነበር።

መርማሪዋ ማክሰኞ ማለዳ ቁልቁለቱን ወረደች። ጡረታዋ ሊደርስ አምስት ወር ቀርቷታል፤ አራት የልጅ ልጆችም አሏት። ገደል ባየች ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣባት «እዚህ ልጅ ቢጫወትስ?» የሚለው ስጋት ነው። ሳትጠይቅ የምታልፈው ነገር ስለሌለ ባልደረቦቿ «እማማ ለምን» ይሏታል።

«አዳልጦት ወድቆ ነው፣ እማማ» አለ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ።

«በግንባሩ የተደፋ ሰው ማጅራቱን ምን መታው?»

ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ ቁስሉን አየ።

ሟቹ የከተማው ፕላን መሥሪያ ቤት ባለሙያ ነበር፤ ሰው «ጋሽ መስመር» ይለዋል። ከተማው ጫካውንና እርሻውን ውጦ እንዳይጨርስ ከአሥር ዓመት በፊት ዙሪያውን መስመር ያሰመረው እሱ ነው። ከመስመሩ ወዲያ ቤት መሥራት ክልክል ሆነ። ሐሳቡ ደግ ነበር። ሰዉ እየበዛ ሄደ፤ መሬቱ ግን ባለበት ቀረ። መሬት ያለው ከበረ፤ የሌለው ከሁለት ክፍል ወደ አንድ፣ ከአንድ ክፍል ወደ ሰው ጓዳ ወረደ። ኪራይ በተጨመረ ቁጥር ተከራዩ ሁሉ የሚረግመው ጋሽ መስመርን ነበር።

ከኪሱ የመስክ ደብተሩ ወጣ። የመጨረሻው ገጽ «ሰኞ፣ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ከቀያሹ ጋር። ከችካል አንድ እስከ ችካል ሁለት፦ ሃያ ሜትር» ይላል።

መሬት የሚለካው የመሥሪያ ቤቱ ቀያሽ ከወር በፊት ሟቹን ሰው ፊት እንደሰደበው የማያውቅ የለም። ፀሐይ ሳይከር ታሰረ።

መርማሪዋ መጀመሪያ የሄደችው ቀያሹ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር አንድ ክፍል ወደተከራየበት ግቢ ነው። አከራይቱም ሟቹን በነገር ወግታዋለች ተብላ ነበር።

«ሰድቤዋለሁ፤ አልዋሽም» አለች አከራይቱ ወገቧን ይዛ። «መስመሩን ከገደሉ ማዶ ሊገፋው ነው ሲሉኝ ደሜ ፈላ። እዚያ ርካሽ ቤት ከተሠራ የኔን አሥራ ሁለት ክፍል ማን ይከራየኛል? ቢሆንም ስድብ ሌላ፣ ነፍስ ሌላ!»

«ገደሉ አፋፍ ያሉትን ችካሎች ታውቂያቸዋለሽ?»

«የምን ችካል? እኔ ፍየል አስሬ አላውቅ!»

የፕላን መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ደግሞ መርማሪዋን ቆሞ ተቀበላት።

«ምን ዓይነት ሰው አጣን!» አለ። «ሐሙስ ስብሰባ ላይ ከገደሉ ማዶ ያለው ሜዳ ለአነስተኛ ቤቶች እንዲፈቀድ ሊያቀርብ ነበር። አሁን ይሄ ነገር መቅረቱ ነው።»

«ሌላ ሰው አያቀርበውም?»

«ማን? ቀያሹ ታስሯል።»

«እርስዎስ ቦታውን ያውቁታል?»

«እኔ ከዚህ ወንበር መቼ ተነስቼ፣ እማማ?»

«በሁለቱ ችካሎች መካከል ስንት ሜትር አለ?»

«ሃያ» አለ ቀና ሳይል። መሳቢያውን በቁልፍ ከፍቶ ንጹሑን ካርታ አሳያት። ሃያ ይላል።

«ይህን ማን ማን አይቶታል?»

«ሟቹና እኔ ብቻ። ደላላ ከሰማ አገር ሰማ ማለት ነው።»

ቀያሹን ያገኘችው እስር ክፍሉ ውስጥ ጥጉን ይዞ ነው።

«ለምን ሰደብከው?»

«በመስመርህ ጠርገህ ከከተማ ልታስወጣኝ ነው አልኩት። እሱ አልተቆጣም። ‹ልክ ነህ ልጄ፣ ና አብረን እናርመው› አለኝ። ሦስት ሳምንት አብረን ለካን።»

«ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት የት ነበርክ?»

«ቤት ፍለጋ። ኪራይ ተጨምሮብን ነበር። በር አንኳኳለሁ፤ ስንት ልጅ አለህ ይሉኛል፤ ሦስት ስል በሩ ይዘጋል። ፊቴን ማን አስተውሎ ይመሰክርልኛል?»

መርማሪዋ የቀያሹን ቦርሳ አስመጥታ የመለኪያውን ሜትር መዘዘችና ጫፉን አየች። ከዚያ የሟቹን ደብተር ከፊት ጀምራ ገለጠች። ችካል አንድና ሁለት፦ ሃያ አንድ። ሌላ ገጽ፤ ሃያ አንድ። አሁንም ሃያ አንድ።

«ለምን?» አለች። ቀያሹ ነገራት። መርማሪዋ ወጥታ በቀጥታ የሄደችው ወደ ኃላፊው ሹፌር ነበር።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ሁሉንም አፋፉ ላይ ሰበሰበቻቸው። ኃላፊው፣ አከራይቱና በካቴና የታሰረው ቀያሽ መጡ። ሚስቱም ሕፃን አዝላ፣ ሁለት ልጆች ቀሚሷን ይዘው ቆመች።

«ልጆቹን ከአፋፉ አርቂልኝ፣ የኔ ልጅ» አለች መርማሪዋ። ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞረች። «እስቲ ጌታዬ፣ ከዚህ ችካል እስከዚያኛው ይለኩልን።»

«እኔ?»

«ምን አለበት?»

ኃላፊው ሜትሩን መዘዘ፤ ጫፉን አገላበጠው። «ዜሮው የታል? ይሄ ከአንድ ነው የሚጀምረው!»

«አሁን ገና አወቁት» አለች መርማሪዋ። «የሜትሩ ጫፍ ከዓመት በፊት በመኪና በር ተቆርጧል። ሟቹና ቀያሹ አዲስ ይገዛልን ብለው አራት ጊዜ ጽፈውልዎታል፤ አላነበቡትም። ስለዚህ ሁለቱ ከአንድ ጀምረው ይለካሉ። ሃያው ሜትር ሃያ አንድ ተብሎ ይነበባል፤ ደብተር ላይም እንደተነበበ ይጻፋል። አንዱ የሚቀነሰው ቢሮ ተገብቶ ካርታው ሲነሳ ነው።»

አከራይቱ አፏን በእጇ ያዘች።

«የሰኞው ገጽ ብቻ ሃያ ይላል። ቀያሹ ቢሆን ሃያ አንድ ብሎ ያነብ ነበር። ሟቹም ሃያ አንድ ብሎ ይጽፍ ነበር። አከራይቱ እንደሆነች ችካል የፍየል ነው የሚመስላት። ሃያን የሚያውቅ ካርታውን ያየ ነው፤ ሃያ አንድን የማያውቅ ደግሞ ሜዳ ወርዶ አብሯቸው ለክቶ የማያውቅ ነው። ካርታውን ያያችሁት ሁለት ናችሁ። አንደኛው ሞቷል።»

«በቁጥር ሰው ይወነጀላል?» አለ ኃላፊው።

«ከወንበሬ አልተነሳሁም ብለውኛል። ሹፌርዎ ግን ሰኞ አሥር ተኩል ላይ እዚያ መታጠፊያ አውርዶዎታል። ሟቹን ቦታውን አሳየኝ ብለው ጠሩት፤ ገጹን የእጅ ጽሕፈቱን አስመስለው የጻፉት ከገደሉት በኋላ ነው። ለምን?»

ኃላፊው ችካሉ ላይ ቁጭ አለ። «ለልጆቼ ነው» አለ። «መስመሩ ውስጥ ቦታ ይዤላቸዋለሁ። ማዶው ከተፈቀደ ዋጋ የለውም። ለመንኩት እኮ! ጀርባውን ሰጠኝ።»

«እነዚህስ የማን ልጆች ናቸው?» አለች መርማሪዋ፣ ቀሚስ ይዘው ወደቆሙት እያሳየች።

ካቴናው ከቀያሹ እጅ ወልቆ ወደ ኃላፊው ዞረ። ሚስቲቱ እንባዋን ጠርጋ አከራይቱን አየቻት።

«በሉ እትዬ፣ ወደ ቤት እንመለስ።»

አከራይቱ መሬት መሬቱን አየች። «ክፍሉን ዛሬ ማለዳ ሰጠሁት፣ ልጄ። ሰባት ሰው ተሰልፎ ነበር። ታስሯል፣ መች ይመለሳል ብዬ…»

«ዕቃችንስ?»

«በረንዳው ላይ ነው። ዝናብ እንዳይነካው ሸፍኜዋለሁ።»

መርማሪዋ ለዚህ የሚታሰር ሰው አጣች። «ለዛሬ እኔ ዘንድ ትገባላችሁ» አለች በመጨረሻ። «ጠባብ ናት፤ ልጆቹ ግን ብርድ አይነካቸውም።»

«እግዜር ይስጥልን። ለነገስ?»

ቀያሹ ካቴናው ያቀላውን እጁን እያሸ «ነገ ስብሰባው አለ» አለ። «የጋሽ መስመርን ሐሳብ እኔ አቀርበዋለሁ።»

«ይሰሙሃል?» አለችው ሚስቱ።

«እንጃ።» ሕፃኑን ከጀርባዋ ተቀበላት። «መጀመሪያ ስምና አድራሻ ይጠይቁኛል። አድራሻ የለኝም ብዬ እጀምራለሁ።»