ከቆሼ የመጣው ስልክ

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር ከሚያምኑ ሰዎች አይደለሁም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እናቴ ስለ ዛርና ስለ ጥላ ማውራት ስትጀምር "እማዬ፣ በቃ ተይኝ" ብዬ ከአጠገቧ የምነሳ ሰው ነኝ፣ ሥራዬም ቢሆን አይፈቅድልኝም፣ እኛ ቢሮ ያልተፈረመበትና ያልተመዘገበ ነገር እንዳልተፈጠረ ነው የሚቆጠረው። ደግሞ ይህ ነገር የደረሰብኝ በጨለማ እንዳይመስላችሁ፣ በጠራራ ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ አየር ጤና ላይ ነው።

ሥራዬ ለፖሊስ ስልክና ኮምፒውተር መክፈት ነው፣ መርማሪዎቹ ይይዛሉ፣ እኔ ውስጡ ያለውን እገለብጣለሁ፣ ለፍርድ ቤት በማስረጃነት ይቀርባል። "እንዴት ደስ የሚል ሥራ ነው፣ እንደ ፊልም!" የሚሉኝ አሉ፣ እስቲ መጥተው አንድ ቀን ይዋሉበት። እመኑኝ፣ ከሰው ስልክ የባሰ ቆሻሻ የለም፣ ሰፈር ሁሉ "የተባረከ ሰው" የሚለው አባወራ ስልኩ ሲከፈት ምን እንደሚወጣው ባሳያችሁ ለሳምንት እህል አይወርድላችሁም ነበር። ሰባት ዓመት ስሠራ ሰው መጸየፍ ለመድኩ፣ ቤቴ ዘነበወርቅ ነው፣ ማታ ስገባ መጀመሪያ የምይዘው ሳሙና ነው፣ ባለቤቴ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ከረሳው በሶፍት ይዤ ነው የማነሳው፣ ይስቅብኛል፣ ይሳቅ።

ያን ዕለት ሐሙስ ነበር፣ ክረምት ነው፣ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፣ መብራትም ጠፍቷል። ቢሯችን ከጋራዦቹ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ መርማሪው ሳጅን ደበላ ደረጃውን ሲወጣ ሽታው ከእሱ ቀድሞ ገባ።

"ሂሩቴ፣ ዛሬ ምሳ የምትበዪ አይመስለኝም" አለኝ፣ የታሸገውን ቦርሳ ከራሱ አርቆ ይዞ።

"ምንድን ነው እሱ? የሞተ አይጥ ነው?"

"የታደለች ስልክ። ቆሼ ላይ ቆሻሻ የሚለቅሙ አንድ እናት አግኝተውት፣ ሊሸጡት ስልክ ጠጋኝ ቤት ወሰዱት፣ ጠጋኙ ሲያየው ሽፋኑ ላይ የጠፋችው ልጅ ስም ተጽፏል፣ ፈርቶ ለእኛ አመጣ።"

ታደለችን ሁላችንም እናውቃታለን፣ ማለቴ አባቷን እናውቃለን። ጋሽ ላምቤቦ እታች ያለው ጋራዥ ጥበቃ ናቸው፣ ልጃቸው ቀን የሰው ቤት እየሠራች ማታ ትማር ነበር፣ ከዚያ ጠፋች፣ አሠሪዋ "ወርቄን ሰርቃ ኮበለለች" አለች። ጋሽ ላምቤቦ ግን "የኔ ልጅ ሌባ አይደለችም" ብለው በየቀኑ እየመጡ ኮሪደራችን ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። አሠሪዋ ተይዛለች፣ ሆኖም አንድም ማስረጃ አልተገኘባትም፣ በማግስቱ አርብ ፍርድ ቤት ቀርባ በዋስ ልትወጣ ነው፣ ከወጣች ደግሞ ነገሩ እንደሚቀበር ሁላችንም እናውቃለን። ያለን ያ የገማ ስልክ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። በደንባችን የታሸገ ዕቃ ሲከፈት ሁለት ሰው መኖር አለበት፣ ሁለቱም አይተው ነው የሚፈርሙት፣ ግን ምሳ ሰዓት ደርሷል፣ ደበላ ርቦታል፣ ሽታውም አላስቆመው አለ፣ "ፈርመህ ሂድ፣ እኔ እከፍተዋለሁ" አልኩት፣ ሳያይ ፈርሞ ሄደ። እንዲህ ያለውን ነገር ሁላችንም እናደርገዋለን፣ ማንም ግን አያምንም።

ብቻዬን ቀረሁ፣ ጓንት ደርቤ፣ አፌን በማስክ ሸፍኜ ቦርሳውን ከፈትኩት። ኧረ ጉድ! የዶሮ ሆድ ዕቃ ጎማ ሽፋኑ ላይ ተጣብቆ ደርቋል፣ በድምፅ ማጉያው ቀዳዳ ነጫጭ ትል ይወጣል፣ ባትሪው አብጦ ጀርባውን ገፍቶታል። መጀመሪያ ባትሪውን አወጣሁት፣ ያበጠ ባትሪ ስለሚፈነዳ አሸዋ ያለበት ጣሳ አለን፣ እዚያ ውስጥ ከትቼ ከደንኩት፣ ይህን ልብ በሉልኝ፣ ስልኩ ባትሪ የለውም። ከዚያ በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ መፈግፈግ ያዝኩ፣ እየፈገፈግኩ እሳደባለሁ፣ ያልኩትን አሁን ስጽፈው እንኳ አፍራለሁ። "ኡፍ! ምን ዓይነት ግም ነገር ነው! እንዲህ የምትገማ ልጅ ማን ቤቱ አስገባት?" አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ለማንም፣ ለምንም።

ወዲያው ኮሪደሩ ላይ የእርጥብ ጨርቅ ድምፅ ሰማሁ፣ ሰው መወልወያ ጨምቆ ባልዲ ውስጥ ውሃው ሲንጠባጠብ፣ ከዚያ ደግሞ በእርጥብ ላስቲክ ጫማ ጭፕ ጭፕ እያለ የሚሄድ ሰው። ጽዳት ሠራተኛዋ የምትመጣው ጠዋት ብቻ ነው። ብሩሹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ፣ ማንም የለም፣ ጋሽ ላምቤቦም ለምሳ ወርደዋል፣ ወለሉ ግን ከዳር እስከ ዳር እርጥብ ነው፣ አዲስ የተወለወለ፣ የእግር ዱካ የለበትም፣ ደግሞ በረኪና በረኪና ይሸታል። ከሁለት ደቂቃ በላይ አልቆየሁም። ስመለስ ስልኩ ጸድቷል።

"አንቺው ነሽ ያጸዳሽው፣ ሽታው አዙሮሽ ነው" ትሉኝ ይሆናል፣ እኔም ለራሴ ያልኩት ይህንኑ ነው። ግን እኔ ስወጣ ትሉ እንኳ ገና አላለቀም ነበር፣ አሁን ሽፋኑ ታጥቦ፣ በሥርዓት ወደ ጎን ተደፍቶ፣ ውሃው እየተንጠፈጠፈ ነው፣ የሰው ቤት ሠራተኛ ብርጭቆ አጥባ እንደምትደፋው።

ስምንት ሰዓት አካባቢ መብራት መጣ። ስልኩ ርካሽ ስለሆነ ብዙ መቆለፊያ የለውም፣ ጥፍር የምታህለውን የማስታወሻ ቺፕ ነቅዬ ማንበቢያው ላይ አስቀመጥኳትና ገለበጥኩ። ቅጂው ሲያልቅ አንድ ረጅም ቁጥር ይወጣል፣ እኛ የቺፑ አሻራ እንለዋለን፣ ቺፑ ውስጥ ካለው ነገር ቅንጣት ብትለወጥ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል፣ ስለዚህ ቁጥሩን መዝግበን ቺፑን እናሽጋለን፣ ፍርድ ቤት የሚያምነን በዚያ ቁጥር ነው። ቁጥሩን መዘገብኩ፣ ቺፑን አሸግሁ፣ ከዚያ ቅጂውን ከፈትኩት። በጠፋችበት ቀን የተቀዳ አንድ የድምፅ ፋይል አለ፣ ሃያ ስድስት ደቂቃ ይላል። ማዳመጫውን አጠለቅሁ።

ሳህን ይንኳኳል፣ ውሃ ይፈስሳል፣ ከዚያ የአሠሪዋ ድምፅ፦ "ይሄን ሽታሽን ይዘሽ እኔ ባኞ ገባሽ? አንቺ ግም!"

"ይቅርታ እትዬ።"

"እጅሽን አምጪ! በበረኪና ነው የምትታጠቢው!"

"ቆስሏል እትዬ፣ ያቃጥላል።"

የሚቀጥለውን አልጽፈውም፣ እኔ ራሴ የመታኋት ያህል ነው የተሰማኝ። አንድ ከባድ ነገር ወደቀ፣ "ተነሺ! አትተኚብኝ!" የሚል ጩኸት መጣ፣ ከዚያ ጸጥታ፣ ከዚያ ያቺው ሴት በቀስታ "ታደለች?"፣ ከዚያ ፌስታል ሲንኮሻኮሽ፣ የመኪና የኋላ ኮፈን ሲዘጋ። ከስልኩ ሽታ የመጣው ማቅለሽለሽ ጠፍቶ ሌላ መጣብኝ፣ ሰው መሆኔ አስጠላኝ። ይበቃል፣ ማስረጃው ተገኝቷል ብዬ ላቆመው ስል ገና ሦስት ደቂቃ ይቀረዋል።

የብሩሽ ድምፅ ጀመረ። ፈግ ፈግ፣ ፈግ ፈግ። ከዚያ የራሴ ድምፅ፦ "እንዲህ የምትገማ ልጅ ማን ቤቱ አስገባት?"

ከዚያ ቅርብ፣ በጣም ቅርብ፣ ቀስ ያለ የልጅ ድምፅ፦ "ይቅርታ እትዬ።"

በር ተከፍቶ ይዘጋል፣ እኔ ስወጣ መሆኑ ነው፣ ብሩሹ ግን አልቆመም። እንዲያውም ፈጠነ፣ እትዬ ሳትመለስ ለመጨረስ እንደሚጣደፍ ሰው፣ በሩ እንደገና እስኪከፈት ድረስ ይፈገፍጋል፣ እዚያ ላይ ያበቃል። ማዳመጫውን ወርውሬ ደረጃው ድረስ ሮጥኩ፣ እዚያም አስመለሰኝ።

ደበላ መጥቶ አዳመጠው፣ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ባትሪውን ከጣሳው አውጥቼ አሳየሁት። ቀኑን ፈተሽን፣ ፋይሉ የተዘጋው ታደለች በጠፋችበት ዕለት ነው።

"ቁረጪው" አለኝ በመጨረሻ። "እስከ መኪናው ድረስ ብቻ ስጫቸው። ያንቺን ድምፅ ከሰሙ ጠበቃዋ 'ፖሊስ የፈበረከው ነው' ይላል፣ አለቀ።"

"ከቆረጥኩትማ አሻራው አይገጥም፣ ያኔ ነው የሚያልቀው።"

"ሲከፈት ነበርክ ወይ ብለው ሲጠይቁኝስ? ፈርሜያለሁ እኮ!"

"እንዳልነበርክ እንናገራለን።"

ሌላም የቀረን ነገር ነበር፣ ድምፁ የእሷ መሆኑን የሚመሰክር ቤተሰብ ያስፈልጋል፣ ጋሽ ላምቤቦን አስገባናቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ማዳመጫውን በሁለት እጃቸው ይዘው አዳመጡ፣ አንድም ጊዜ አላለቀሱም። መኪናው ጋ ሲደርስ "ይበቃል ጋሼ፣ ይስጡኝ" አልኳቸው፣ እጄን ገፋ አደረጉትና እስከ መጨረሻው ሰሙት፣ ስድቤን ሁሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"ልጄ ናት" አሉ። ቀና ብለው አዩኝ፣ ቁጣ እንኳ የለባቸውም። "መጨረሻ ላይ ለአንቺ ነው የመለሰችው?"

"አላውቅም ጋሼ።"

"አንቺስ ምን አልሻት?"

"ምንም አላልኳትም፣ አልሰማኋትም ነበር።"

"እሷ እኮ" አሉ ባርኔጣቸውን እያጠለቁ፣ "ይቅርታ ብላ ሰው ካልመለሰላት እዚያው ቆማ ትጠብቃለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት። ሂጂ ካላሏት አትሄድም።"

ሙሉውን ፋይል ከነአሻራው አስገባን፣ ብቻዬን እንደከፈትኩትም ጻፍኩ፣ እኔም ደበላም ማስጠንቀቂያ ተሰጠን፣ ይገባናል። ሴትዮዋ ዋስትና ተከለከለች። ጠበቃዋ ግን ደበላ እንደፈራው "የባለሙያዋ ድምፅ ያለበት ቅጂ ተፈብርኳል" ብሎ ተከራከረ፣ ዳኛውም ቺፑ በችሎት ከማሸጊያው ወጥቶ አሻራው በሁሉም ፊት እንደገና እንዲነበብ አዘዙ። ቁጥሩ ከገጠመ ሴትዮዋ ትከሰሳለች፣ ካልገጠመ ማስረጃችን ባዶ ወረቀት ነው፣ እሷም ቤቷ ትገባለች። እስከዚያ ድረስ ቺፑ እኔ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው።

እና በየቀኑ፣ ሁሉም ለምሳ ሲወጣ፣ ቁም ሳጥኑ አካባቢ በረኪና ይሸታል። ደበላ "የጋራዡ ቀለም ነው" ይለኛል፣ ቀለምና በረኪና የማልለይ ይመስል። ድምፅ የለም፣ ምንም የለም፣ አንድ ሰው ግን ቁም ሳጥኑ አጠገብ ቆሞ ሊታዘዝ የሚጠብቅ ይመስለኛል፣ ጀርባዬን ማዞር ያቅተኛል። አፌን ዘግቼ ነው የምውለው፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ስልክ እንኳ አላነሳም፣ ምክንያቱን መቼም ገምታችኋል፣ ያለ ባትሪ ድምፄን የወሰደ ነገር እንደገና ቢወስድ ቺፑ ይለወጣል፣ ቺፑ ከተለወጠ አሻራው አይገጥምም። ማንም እንዲህ ያለ ምክንያት ቢነግረኝ ስቄ አባርረው ነበር።

ዘጠኝ ቀን ቻልኩ። በአሥረኛው ቀን ሽታው ዓይኔን አቃጠለኝ፣ ጋሽ ላምቤቦ ያሉት ጆሮዬ ላይ አቃጨለ፣ አልቻልኩም፣ ተነስቼ የቁም ሳጥኑን በር ከፈትኩና "አትገሚም" አልኳት፣ "የገማነው እኛ ነን። ይቅር በይኝ፣ የኔ እናት። ሥራሽን ጨርሰሻል፣ አሁን ሂጂ።" ከዚያ በሩን ዘግቼ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሽታው የዚያኑ ዕለት ጠፋ፣ ወይም አፍንጫዬ ደንዝዞ ይሆናል፣ አላውቅም።

ማሸጊያውን መክፈት ስለማልችል ቺፑ መለወጥ አለመለወጡን ማየት አልችልም። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለደበላም፣ ለባለቤቴም፣ ለእናንተ ነው የነገርኳችሁ። ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ችሎት ፊት የቺፑ ማሸጊያ ይቀደዳል፣ ቁጥሩ ይነበባል፣ ጋሽ ላምቤቦ ከፊት ይቀመጣሉ፣ እንዲገጥም ቀን ከሌት እጸልያለሁ፣ ካልገጠመ ያቺ ሴት ባኞዋን ከፍታ ስትታጠብ ይታየኛል። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ልጅቷ መልሴን መስማቷን የማውቀው ቁጥሩ ካልገጠመ ብቻ ነው፣ አንዳንድ ጊዜ ባይገጥም ብዬ እመኛለሁ።