የስጦታው ውኃ

የዐብዱልከሪም አስከሬን የተገኘው የቆዳ ፋብሪካው ለመንደሩ ባሠራው የመጠጥ ውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ነው። ኢንስፔክተር መስከረም ከጎንደር ወደ ማክሰኝት በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው ፋብሪካ ስትደርስ ሟቹ ሸራ ላይ ተጋድሟል። ሚስቱ ዙሌይካ አጠገቡ ተቀምጣለች፤ አታለቅስም።

«ኬሚስታችን ነበር» አሉ የፋብሪካው ባለቤት አቶ ሀዳነ። «ናሙና ሊቀዳ ጎንበስ ሲል አዳልጦት ነው። ነገ የውጭ ገዢዎቻችን ለጉብኝት ይመጣሉ፤ እባክዎ ቶሎ ይጨርሱልን።»

መስከረም ተንበርክካ የሟቹን ነጭ ጋውን እጅጌ ገለበጠች። ስፌቱ ውስጥ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ ጭቃ ተጣብቋል። ወደ ማጠራቀሚያው አየች፤ ውኃው ጥርት ከማለቱ የተነሣ ወለሉ ይታያል።

ከአጥሩ ጀርባ የፋብሪካው ፍሳሽ የሚጠራቀምበት ኩሬ አለ። የኩሬው ጭቃ ቀለሙ ያው ነው። አጠገቡ ያለው የፍሳሽ ማጣሪያ አይሠራም፤ ሸረሪት አድርቶበታል።

«ይህ ለምን ቆመ?»

«ወጪው አይቻልም» አሉ አቶ ሀዳነ። «ማጣሪያ የሌላቸው በርካሽ እየሸጡ ገበያውን ወሰዱብን። ገዢዎቹ ሲመጡ ልናበራው ነበር።»

«ትናንት የት ነበሩ?»

«ጎንደር፣ ከገዢዎቹ ጋር። እዚያው አድሬ አሁን ከእርስዎ ጥቂት ቀድሜ ነው የደረስሁት።»

አስከሬኑን ያገኙት ዘበኛው ታከለ ናቸው።

«አያ ታከለ፣ ክዳኑን ለምን ከፈቱት?»

«ቧንቧው ተዘግቶ ሴቶቹ ሲማረሩ፣ ምን ሆኖ ነው ብዬ።»

«ምናልባት ማጠራቀሚያው ታጥቦ ይሆን የተዘጋው?»

«ማን አጥቦት? ማንም አልነካውም።»

ፈንታዬ የምትባል የመንደሩ ሴት ባዶ ጀሪካን ይዛ ቆማለች። መስከረም ወደ እሷ ዞረች።

«አቶ ምንይችል ናቸው የዘጉት» አለች ፈንታዬ። «ጎህ ሲቀድ ቧንቧው ላይ ቆመው ጠበቁን። ‹በመድኃኒት ታጥቧል፣ ጠብታ እንዳትቀምሱ› ብለው የቀዳነውንም አስደፉን። ሸጋ ሰው ናቸው፤ ይህን ውኃ ያመጡልን እሳቸው ናቸው።»

ምንይችል የፋብሪካው የማኅበራዊ ኃላፊነት ክፍል ኃላፊ ነው። «መሞቱን የሰማሁት አያ ታከለ ሲጣሩ ነው» አላት።

መስከረም ሁሉንም ማጠራቀሚያው አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ዐብዱልከሪም የሞተው ኩሬው ውስጥ ነው» አለች። «ጭቃው ከጋውኑ ስፌት ገብቷል፤ እዚህ ግን ጭቃ የለም። እዚያው ቢገኝ ኖሮ ፖሊስም ገዢዎቹም ማጣሪያው እንደማይሠራ ያዩ ነበር። ስለዚህ ገዳዩ ጎትቶ ወደዚህ አመጣው። አቶ ሀዳነ ጎንደር አድረዋል። አያ ታከለ ደብቀውት ቢሆን ኖሮ ክዳኑን ከፍተው ሰው አይጠሩም። ማጠራቀሚያው ደግሞ አልታጠበም። ታዲያ አስከሬኑ ሳይገኝ ውኃው እንደማይጠጣ ማን ያውቃል? እዚያ የከተተው ሰው ብቻ።»

ሁሉም ወደ ምንይችል ዞሩ። እሱ አልካደም።

«ለገዢዎቹ ሁሉን ሊነግራቸው ነበር» አለ። «ፋብሪካው ይዘጋል፣ ሠራተኛው ይበተናል፣ ይህም ውኃ ይቀራል አልሁት። ‹ያንተ ስጦታ የመርዛችን መሸፈኛ ነው› አለኝ። ገፋሁት። መውጣት ሲያቅተው ቆሜ አየሁት።»

ዙሌይካ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

«ለሴቶቹ አዘንህ» አለችው። «ለእሱስ?»

ፖሊሶቹ ምንይችልን ወሰዱት። አቶ ሀዳነ ፈንጠር ብለው ስልክ ያዙ፤ በድንገተኛ አደጋ ምክንያት ጉብኝቱ በሳምንት ቢራዘም ብለው ገዢዎቹን በትሕትና ይለምናሉ።

«ታዲያ እኛ ከየት እንቅዳ?» ስትል ፈንታዬ ጠየቀች።

ጀሪካኗን አንሥታ፣ የኩሬው ፍሳሽ ወደሚገባበት ወንዝ ወረደች።