ነጩ ዙር

ትርፌ ስትሰፋ ያያት ሰው ታማለች ቢሉት አያምንም፤ ተኝታ ያያት ደግሞ ትሰፋለች ቢሉት አያምንም። የችግሯ ሁሉ ምንጭ ይኸው ነበር። የእጇና የጉልበቷ መጋጠሚያ ከልጅነቷ ጀምሮ ይቆረጥማታል፤ ሲብስባት ድካሙ ከመደቧ አያስነሣትም፤ ፋታ ሲሰጣት ግን አርብ ገበያ የሚወጣውን ስፌት ሁሉ የሚያስንቅ መሶብ ትሠራለች። ጠበል ተጠመቀች፣ ወጌሻ አሻት፣ ጤና ጣቢያም ኪኒን ሰጣት። ቁርጥማቱ እየሄደ ይመለሳል።

በዚያ ላይ ዘመኑ የማኅበርና የስብሰባ ነው። ለጋራ እርሻው አረም ተጠርታ የቀረች ጊዜ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሕዝብ ፊት አስቁሞ «ልግመኛ» ብሏታል። ከስድቡ ይልቅ ያን ሁሉ ጊዜ ቆማ መስማቷ ነበር ያመማት።

ክንዴን ያገኘችው እዚያው አርብ ገበያ ነው። ምስሩን ሸጦ ሲመለስ ከስፌቶቿ ፊት ቆመና አንዲት ሙዳይ አንሥቶ አገላበጣት። ሌላው ሰው ዋጋ ይጠይቃል፤ እሱ ግን ቀይና አረንጓዴውን ሐረግ አልፎ፣ በመሀል የገባውን ባዶ ነጭ ዙር በጣቱ ዳሰሰ።

«ይኼን ነጩን ለምን አበዛሽው?»

«አልወደድከውም?»

«እንዴት አልወደውም! ዓይን ያሳርፋል። ግን ማንም እንዲህ ሲሰፋ አላየሁም።»

ለማንም ያልተናገረችውን ነገር ለዚህ ለማታውቀው ሰው ለምን እንደ ነገረችው እሷም አታውቅም።

«ነጩ ያመመኝ ቀን የሰፋሁት ነው» አለችው። «ሐረግ ቆጠራ ይፈልጋል። ሲያመኝ ቆጠራው ይጠፋኛል፣ ወስፌውም ከእጄ ይወድቃል። ስለዚህ በነጩ ዝም ብዬ እዞራለሁ። ሲሻለኝ ሐረጉን ካቆምኩበት እቀጥላለሁ።»

ክንዴ ሙዳይዋን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ።

«እንግዲያ ይቺስ ብዙ አሟታል» አለ። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ክንዴ የሚሸጠው እህል ባይኖረውም አርብ ገበያ አይቀርም ነበር።

ፍቅራቸው ሲጠና ነገሩን ለእናቱ ተናገረ። ወይዘሮ የሺ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱንም በሬዎቹንም ጨብጠው የያዙ፣ ሙያቸውን ጠላት እንኳ የማይክደው ሴት ናቸው።

«ያቺ ተኝታ የምትውለዋ?» አሉ። «እኔ የምፈልገው አብራኝ የምትነሣ ምራት ነው። ጤነኛ ትሁን እንጂ ድኻነቷ ግድ የለኝም። እጇን በመሶቧ አየዋለሁ። ጥምቀት አልፎ ሽማግሌ እስክልክ ጨርሳ ታሳየኝ።»

ሙሽራ መሶቧን በእጇ ሰፍታ ይዛ መግባቷ የአገሩ ወግ ስለሆነ፣ ክንዴ እናቱን የሚሞግትበት አፍ አልነበረውም።

ትርፌ በኅዳር ጀመረችው። ከዚያ በፊት ሠርታው የማታውቀውን ሐረግ አሰበች፤ ከታች ጠቦ ተነሥቶ ወደ ላይ ሲሄድ እየሰፋ የሚከፈት። የመስፊያውን ሣር፣ አክርማውን፣ በቀዝቃዛ ውኃ መንከር ጣቷን ስለሚያንገበግባት ውኃውን ታሞቀዋለች፣ እጇንም እዚያው ታሞቃለች፣ ፀሐይ ሲወጣ ደጅ ትቀመጣለች። በደህናው ቀን ሐረጉን፣ በክፉው ቀን ነጩን ትሰፋለች። ነጩም የማይሆንላት ቀን አለ፤ ያን ቀን መሶቡን አጠገቧ አስቀምጣ ተኝታ ታየዋለች። የሚቀጥለው ዙር ምን እንደሚሆን የምታስበው ተኝታ ነው። እናቷ ሐረገ ወይን ግን ልጇ የምትሠራው ስትነሣ ብቻ ይመስላታል።

ገና አልፎ ጥምቀት ሲቃረብ ሕመሙ ተነሣባት። አንገቷ ሳይቀር ተያዘ። መሶቡ ከወገቡ በላይ ገና አልተሠራም። ክንዴ ሊጠይቃት መጣና ጣቶቿ አብጠው ዋንጫ መያዝ እንዳቃታቸው አየ። ሲወጣ ከሐረገ ወይን ጋር ደጅ ላይ ተንሾካሾኩ፤ መሶቡም በነጠላ ተጠቅልሎ ሄደ።

«እንዳይቆሽሽ ጓዳ አስገባሁልሽ» አለቻት እናቷ።

ክንዴ የወሰደው ማዶ ላለችው የአክስቱ ልጅ ለውዴ ነው። ውዴ እጀ ፈጣን ናት፤ ሌላ ሥራዋን ትታ ጨረሰችለት። ሦስቱም ያደረጉት በበጎ ልብ ነው። ግን ከሦስቱ አንዳቸውም ትርፌን አልጠየቁም።

ጥምቀት እንዳለፈ ሽማግሌዎቹ በአባ ወልደ ሰንበት መሪነት መጡ። የሺም የወንዱ እናት ከሽማግሌ ጋር አትሄድም የሚለውን ወግ ጥሰው፣ ክንዴን አስከትለው አብረው መጡ። ትርፌ እንደ ምንም ተነሥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ያላለቀ መሶብ ምን ብዬ አሳያለሁ እያለች ስትጨነቅ፣ እናቷ ከጓዳ ይዛው ወጣች። አልቋል።

የሺ ተቀብለው አገላበጡት፤ አፉን በመዳፋቸው ዞሩት።

«አቤት እጅ!» አሉ። «ይኼ ከወገቡ በላይ ያለው ደግሞ! አንድ የሳተ የለው። ሰው እኮ ክፉ ነው፤ ታማለች ታማለች አሉኝ። የታመመ እጅ ይኼን ይሰፋል?»

ትርፌ መሶቡን አየችው። ከወገቡ በላይ ነጭ የሚባል የለም። ያ ስትሰቃይ የከረመችበት ጊዜ ጭራሽ እንዳልነበረ ሆኗል። ቀና ብላ ክንዴን አየች፤ ክንዴ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ገባት።

ዝም ብትል ነገሩ ያልቃል፣ ክንዴም የእሷ ይሆናል። ግን አንድ ጠዋት የሺ ቤት መነሣት ሲያቅታት ታማሚም ውሸታምም ትባላለች። እጇን ዘረጋች።

«ይስጡኝ።»

መሶቡን ተቀብላ ቁጭ አለች፤ ወስፌዋን አነሣችና ከአፉ ጀምራ ትፈታው ጀመር።

«ኧረ ምን ነካሽ!» ብላ እናቷ ጮኸች።

«ከወገቡ በላይ ያለው የእኔ አይደለም» አለች ትርፌ። «የሰፋችው ሴት እጇ ይባረክ። እኔ ያን ጊዜ ተኝቼ ነበር። የነገሩዎት እውነት ነው እማማ፣ ያመኛል።»

የሺ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተ ታውቃለህ?»

«እኔ ነኝ ለውዴ የሰጠኋት።»

«ልታታልለኝ!»

«አዎ።»

የሺ ብድግ አሉ። «እንግዲያው ስማኝ፤ ይቺን ካገባህ በሬዎቼን አታይም።»

«መሬት የሚሰጠኝ ማኅበሩ ነው እማዬ» አለ ክንዴ። «አንድ ወይፈን አለኝ። አንድ በሬ ካለው ገበሬ ጋር ተቀናጅቼ አርሳለሁ።»

ሌላ ሴት ብትሆን እዚህ ላይ በደስታ ታለቅስ ነበር። ትርፌ ግን ተናዳለች።

«ለምን ሳትጠይቀኝ?» አለችው።

«ላጣሽ ነው ብዬ ፈርቼ።»

«ነጩን የምታውቀው አንተ ብቻ ነበርክ። አንተው አጠፋኸው።»

ክንዴ ጎንበስ ብሎ የተፈታውን አክርማ ከመሬት ለቀመ።

«አዝመራው ሳይሰበሰብ ዝናብ ሲመጣ፣ ሁሉም ሲሯሯጥ እኔ ብተኛስ?»

ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ። የሚያምር መሐላ ክንዴ አፍ ላይ ሳይመጣ አልቀረም፤ ዋጠው።

«እናደድ ይሆናል» አለ በመጨረሻ። «እፈራለሁ ትርፌ። ግን ተነሺ አልልሽም። ከእንግዲህም ሳልጠይቅሽ ሥራሽን አልነካም።»

ከእሱ በፊት ሊያገቧት የመጡት ሁሉ «ምንም አይደል» ብለዋት ነበር፤ ብለዋትም ቀርተዋል። እፈራለሁ ያላት የመጀመሪያው ሰው ይህ ነው። እንደምትወደውማ ድሮም ታውቃለች፤ ያመነችው ግን አሁን ነው።

«አባ» አለች ወደ አባ ወልደ ሰንበት ዞራ፤ «የእኔ ቃል እሺ ነው። የቀረውን ከእናቴ ጋር ጨርሱት። እኔ ደክሞኛል።»

ከዚያም በአገሩ ሙሽራ የምትሆን ልጅ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች። በጠራራ ፀሐይ፣ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው፣ አማቷ ቆመው እያዩዋት፣ መደቡ ላይ ጋደም አለች።

ሐረገ ወይን በኀፍረት ፊቷን ሸፈነች። የሺ ወጥተው ሄዱ። ክንዴ እናቱን በዓይኑ እስከ በሩ ሸኛቸው፤ ከዚያ ጋቢውን አውልቆ ትርፌን አለበሳትና ከእግርጌዋ ተቀመጠ።

አባ ወልደ ሰንበት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በሉ ድምፃችንን ዝቅ እናድርግ» አሉ። «ልጅቷ ትረፍ።»

ሽማግሌዎቹ ስለ ሠርጉ በሹክሹክታ መነጋገር ጀመሩ። ትርፌ ጥቂት አዳመጠች፤ ከዚያ ሰው ምን ይለኛል ሳትል እንቅልፍ ወሰዳት።