የማይነክስ ጎማ

ቨርል ጄንሰን ከአሥር ሜትር ገደል ሥር በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ። የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ነበር። ጢሙ ላይ ያረፈው ውርጭ ገና አልቀለጠም። የአሻንጉሊት መኪናው መቆጣጠሪያ በአንገቱ እንደተንጠለጠለ ደረቱ ላይ ተቀምጧል፤ ትንሿ አረንጓዴ መብራትም ባለቤቷ መሞቱን ያልሰማች ይመስል ትበራለች።

አሻንጉሊት ማለቴን የመኪኖቹ ክበብ ሰዎች ቢሰሙ ይቀየሙኛል። የክንድ ርዝመት ያላት፣ በሬዲዮ የምትነዳ ድንጋይ ወጪ መኪና ናት። ሩጫ አታውቅም፤ ሥራዋ እንደ ኤሊ ቀስ እያለች አለት ላይ መቧጠጥ ነው። እዚህ ደቡብ ዩታ፣ ከአለት በቀር ምንም ባልተረፈን አገር፣ ጡረተኛውም ጎልማሳውም ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናውን ታቅፎ ይወጣል። ቨርል የሁሉም ዳኛ ነበር፤ በተለይ የርካሽ ጎማ ዳኛ። በየዓመቱ ኅዳር ላይ «ዘንድሮ ኪሱ የሳሳ ሰው የሚገዛው ጎማ ይህ ነው» ብሎ አንዱን ይመርጣል። እሱ የመረጠውን በአራት ግዛት ያለ ክበብ ሁሉ ይገዛል። «አትግዙ» ያለው መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። የዘንድሮው ምርጫ ለቅዳሜ ተቀጥሮ ሳለ ቨርል ሐሙስ ጠዋት ሞተ።

መርማሪ ዊላ ኦስትለር በጎን ባለው መወጣጫ ዞራ አለቱ አናት ላይ ደረሰች። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጉንፋን የማይለቃት፣ ሰው ሲዋሻት ደግሞ አፍንጫዋን በመሐረብ የምታብስ ሴት ናት። ምክትሏ ብሪግ ቀድሟት ቆሟል። አለቱን «ሰሌዳው» ይሉታል። ፊቱ እንደ ጣሪያ ያዘነበለ ልሙጥ ነው፣ ጀርባው ገደል። አናቱ ላይ፣ ከገደሉ ጫፍ አንድ ክንድ ርቃ፣ የቨርል መኪና አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ ቆማለች።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ብሪግ። «መኪናዋ ወጣች፣ እሱ ተከትሏት ወጣ፣ አንድ ሰው ገፋው። ስደርስ ውርጩ ላይ የሁለት ሰው ዱካ ነበር። ፎቶ ሳላነሳው ፀሐይ በላችው።»

«ዱካውን ፀሐይ በላችው፤ አንተ ደግሞ ምን እየበላህ ነበር?»

ብሪግ ቀላ። ዊላ ተንበርክካ መኪናዋን አየች። ከሆዷ በታች ያለችው ማብሪያ ማጥፊያ ጠፍታለች። ጎማዋን በጣቷ ጨመቀችው፤ አልተጨመቀም። ከዚያ ልሙጡን አለት ከላይ ወደ ታች ተመለከተች። ከሥሩ እስከ ጉልበት ከፍታ ድረስ ጎማ የፈተገው ጥቁር ጭረት አለ። ከዚያ በላይ አለቱ ንጹሕ ነው። ወርዳ ከሥር ሆና ቀና ስትል መኪናዋ አትታይም።

«መኪናዋ የት እንደተገኘች ከእኔና ከአንተ ሌላ ማንም እንዳይሰማ» አለችው።

«ለሚስቴም?»

«በተለይ ለሚስትህ።»

ሸሪፉ ግን ሰው ከያዘ ቆይቷል። ሬሳውን ያገኘው የቨርል አማች ቴይን ነው፤ ረቡዕ ማታ በክበቡ ስብሰባ ላይ ከአማቱ ጋር ተጣልቷል። በርካሽ ጎማ ውድድር ላይ፣ አለት የበለጠ እንዲይዝለት ጎማው ውስጥ ውድ ስፖንጅ ሸጉጦ ስለተገኘ ቨርል ከውድድር አባረረው። ቴይንም ሰው ሁሉ እየሰማ «አንድ ቀን ከዚያ አለት ላይ የሚገፋህ አታጣም!» አለው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። አርብ እኩለ ቀን ላይ ወደ አውራጃው ወህኒ ሊወስዱት ተወስኗል።

የቨርል ልጅ ላቮን ወጥ ቤቷ ውስጥ ተቀምጣለች። በዚህ አገር ለለቅሶ ቤት የሚወሰደው የቀብር ድንች፣ አይብ የተጋገረበት፣ ጎረቤት አምጥቶት በአራት ትሪ ተደርድሮ ቀዝቅዟል። አንዱንም አልነካችም።

«እህት ዊላ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አለች። «ቴይን ገድሎት ከሆነ አባቴንም ባሌንም በአንድ ጠዋት አጥቻለሁ። ካልገደለው ደግሞ ንጹሕ ሰው ታስሮብኝ እኔ እዚህ ተቀምጬ እጠረጥረዋለሁ። የቱ ነው? ሳላውቅ ልጄን ምን ብዬ ላስተኛት?»

«እስከ ነገ ጠዋት ስጪኝ።»

«ነገ እኩለ ቀን ይወስዱታል!»

«ለዚህ ነው ጠዋት ያልኩሽ። አባትሽ የሚጽፍበት ደብተር የት ነው?»

ላቮን ከመሳቢያ አወጣችላት። በውስጡ የሃያ ዓመት የጎማ ስም፣ ዋጋና ፍርድ ሰፍሯል። የመጨረሻው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ሙጫ እግር፣ ናሙናው፦ ይነክሳል። ሙጫ እግር፣ ከካርቶን የወጣው፦ ቀንድ። ጠዋት ለብቻው ልንገረው።»

ቴይን እስር ቤት ውስጥ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል።

«ለምን ሄድክ?» አለችው ዊላ።

«ይቅርታ ልጠይቀው። እንቁላል ሳንድዊች ይዤለት ነበር።»

«አናቱ ላይ ወጣህ?»

«አልወጣሁም። ሥር ሆኜ ተጣራሁ፤ ዝም ሲለኝ ወደ ገደሉ ዞርኩ፣ ተጋድሞ አየሁት።» እንባው መጣ። «መኪናዋን ሰረቋት አይደል? ሥሩ ላይ አላየኋትም። ላቮን ሁለተኛ ክፍል ሳለች ነው አብረው የገጣጠሟት፤ ፈልጉላት።» ትንሽ ቆይቶ «ላቮን ምን አለች? ታምነኛለች?» ሲል ጠየቀ።

ዊላ ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች። አፍንጫዋንም አላበሰችም።

ደልበርት ፒክ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ከቨርል ጎን ቆሞ ነጥብ ሲመዘግብ ኖሯል። ከአሁን በኋላ ዳኛው እሱ ነው። ይህን ዊላም ታውቀዋለች፣ እሱም መታወቁን ያውቃል።

«እኔ ነኝ የገደልኩት ልትዪ መጣሽ?» አላት፤ ሁለት ምርኩዝ ተደግፎ በሩ ላይ ቆሟል። «በዚህ ጉልበት? የራሴን ደረጃ ከወጣሁ እኮ ሁለት ዓመቴ ነው። ሶፋው ላይ ነው የምተኛው።»

«ይቀመጡ፣ ወንድም ደልበርት። ልማር ነው የመጣሁት። ጎማ በምን ይመረጣል?»

የሽማግሌው ፊት በራ። «ሱቅ ውስጥ ሁሉም ጎማ ለስላሳ ነው፤ ሙቀት አለዋ! ቨርል ውጭ በረንዳ ላይ ያሳድረውና ጠዋት በጥፍሩ ይጫነዋል። ጥፍር ከገባ አለት ይነክሳል። ካልገባ ቀንድ ነው፣ ይንሸራተታል። የጥርሱ ቅርጽ ዓይኑን አያታልለውም ነበር፤ ቅርጽ ማንም ይገለብጣል።»

«ቨርል ያልወጣችለትን መኪና ተሸክሞ አለት አናት ላይ ያኖራታል?»

«ቨርል?» ደልበርት ሳቀ፤ ከዚያ አለቀሰ። «አንድ ጊዜ መሐል ላይ ቢቸግራት ሳምንት ሙሉ በረዶ ላይ ትቷት ነበር። ‹ራሷ ትውጣ ወይ ትቅር› ይል ነበር። መኪና በእጅ መንካት እኮ ለኛ ሽንፈት ነው።»

«በእጅ ማንሳት ግድ ሲሆንስ?»

«መጀመሪያ ማጥፋት። ካላጠፋሻት ድንገት ተወራጭታ ጣት ትቆርጣለች። አዲስ ሰው አንዴ ሳይቆረጥ አያውቀውም፤ እኛ ግን እጃችን ራሱ ያጠፋታል።»

የላይል ሃች ሱቅ እስከ ጣሪያው በካርቶን ተሞልቷል። በእያንዳንዱ ላይ በቀይ «ሙጫ እግር» ተጽፏል። ላይል ስሙን ያወጣውም፣ ፋብሪካ ፈልጎ ያስቀረጸውም ራሱ ነው። ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሁለት ጊዜ ከሥራ ተቀንሷል፤ በዚህ ጎማ ላይ ቤቱንም ዕድሜውንም አኑሯል። ከሳምንት ወዲህ እንቅልፍ እንዳልያዘው ዓይኑ ይናገራል።

«ስለ ቨርል ነው የመጣሁት» አለች ዊላ።

«ሳለቅስ ነው የዋልኩት፣ እህት ዊላ። ብቻ አንድ የሚያጽናናኝ ነገር አለ። ናሙናውን ስሰጣቸው ወደውት ነበር። ይኸው በኔው ጎማ ሰሌዳውን ወጥተው ሞቱ! ሰው ይወቅልኝ። መኪናዋን ለላቮን ከመስጠታችሁ በፊት ለአንድ ሳምንት መስኮቴ ላይ ባቆማት ምን አለበት? ልክ እዚያ እንደቆመችው፣ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አድርጌ።»

ዊላ መሐረቧን አወጣች።

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ካርቶን ስከፍት።»

አፍንጫዋን አበሰች። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። ላይል ግን መጠጥ በሚከለክል ቤተ ክርስቲያን ያደገ ነው፣ ዕድሜ ልኩን ብቅል ቀምሶ አያውቅም፤ የእሱን ያወጣው ተስፋው ነው።

አርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ዊላና ብሪግ ሰሌዳው ሥር አራት ሰው ሰበሰቡ። ላቮን የአባቷን ካፖርት ለብሳለች። ቴይን እጁ በካቴና ታስሮ ከብሪግ ጎን ቆሟል። ደልበርት ምርኩዞቹን ተደግፎ፣ ላይል እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ይጠብቃሉ። ውርጩ እንደ ትናንቱ ነጭ ነው። ዊላ የቨርልን መኪና ከነሙጫ እግር ጎማዋ ውጭ አሳድራት ነበር፤ አሁን አለቱ ሥር አኖረቻትና መቆጣጠሪያውን ለደልበርት ሰጠችው።

«ያውጧት።»

መኪናዋ እስከ ጉልበት ከፍታ ተቧጠጠች፤ ጎማዎቿ ጮኹ፣ ጥቁር ጭረት አሰመሩ፣ ተንሸራታ ወረደች። ደልበርት ሦስት ጊዜ ሞክሮ ራሱን ነቀነቀ። ቴይን በታሰረ እጁ ሞከረ። እሱም አቃተው።

«በቃ» አለች ዊላ። «ሐሙስ ጠዋትም የሆነው ይኸው ነው። ጭረቱ እዚህች ከፍታ ላይ ያበቃል። ይህች መኪና ሰሌዳውን አልወጣችም። እኔ ግን አናቱ ላይ ቆማ ነው ያገኘኋት።»

«አናቱ ላይ?» አለ ቴይን ደንግጦ።

«አናቱ ላይ። ስለዚህ ሰው ተሸክሞ አወጣት። ቨርል አይደለም፤ ቨርል መኪና አይሸከምም። መቆጣጠሪያው እሱ አንገት ላይ በርቶ ሳለ መኪናዋ ጠፍታ ነበር። የተሸከማት ሰው እጁ ሳያስበው አጥፍቷታል፤ ስለዚህ የክበቡ ሰው ነው። ወንድም ደልበርት በዚህ ጉልበት እዚያ አይወጡም። የቀሩት ሁለት ናቸው።»

ላቮን ባሏን አላየችውም። መሬት መሬቱን ነው የምታየው።

«መኪናዋ ለምን ተወሰደች? ሥር ብትቀር ‹ቨርል ብቻውን አናቱ ላይ ምን ሠራ?› ይባላል። ላይ ብትገኝ፣ ተከትሏት ወጥቶ አዳልጦት ወደቀ ይባላል። ግን በዚህ ጎማ ሰሌዳው ይወጣል ብሎ ሰው ያምንልኛል የሚል ማን ነው? ቴይን ነጂ ነው፤ አንዴ ጎማዋን ቢነካ እንደማይሆን ያውቃል። እንደዚያ ብሎ ሊያምን የሚችለው ማመን ግድ የሆነበት ሰው ብቻ ነው። ቨርል የላይልን ናሙና ወዶት ነበር። ከካርቶን የወጣው ግን ቀንድ ሆነበት። ‹ጠዋት ለብቻው ልንገረው› ብሎ ጽፏል። ነገረውም፤ እዚሁ ቆሞ፣ በዓይኑ እያሳየው።»

«ውሸት ነው!» አለ ላይል።

«መኪናዋ ከዚህ ሥር አትታይም። የት እንደተገኘች የምናውቀው እኔና ብሪግ ነን። አንተ ትናንት አፍንጫዋ ወደየት እንደሆነ ሳይቀር ነገርከኝ።»

ላይል ኪሱ ውስጥ ያለውን እጁን አወጣ። ሁሉም የሚሸሽ መሰላቸው። እሱ ግን ሄዶ መቆጣጠሪያውን ከቴይን እጅ ነጠቀ።

«መንዳት አታውቁም! ቀስ ነው የሚባለው፣ ቀስ…» መኪናዋ ወጣች፣ ተንሸራተተች። «ከግራ ነው የሚያዘው።» ወጣች፣ ተንሸራተተች። «ናሙናው እኮ ይወጣ ነበር፣ አንቺ ሴትዮ! በዓይኔ አይቻለሁ! ያታለለኝ ፋብሪካው ነው!» «ቨርል የቅዳሜውን ውድድር ባንዲራ አናቱ ላይ ሊተክሉ ሲወጡ ተከተልኳቸው። ‹አይምረጡኝ፣ ዝም ብቻ ይበሉኝ› አልኳቸው። ለመንኳቸው፣ ተንበረከክሁ። ‹ድሃ ሰው አንዴ ነው የሚገዛው፣ ላይል› አሉኝ። ደረታቸውን ነካሁ… ነካሁ እንጂ…»

መኪናዋን እንደገና ነዳት። ብሪግ ሊይዘው ሲጠጋ ዊላ በእጇ አቆመችው። ጎማው አለቱን እየፋቀ ይጮኻል።

ወደ ላይል የሄደችው ላቮን ናት። ጎንበስ ብላ መኪናዋን አጠፋቻት። ከዚያ መቆጣጠሪያውን ከጣቶቹ መሐል አላቀቀችና እሱንም አጠፋች። አባቷ ያስተማራት በዚህ ቅደም ተከተል ነው። ላይል ባዶ እጁን እያየ ቆሞ ቀረ፤ ብሪግ የቴይንን ካቴና ፈትቶ ለእሱ አሰረለት።

ቴይን የእጁን አንጓ እያሻሸ ሚስቱ ፊት ቆመ።

«አንቺም ጠርጥረሽኝ ነበር?»

ላቮን መዋሸት ትችል ነበር። ዊላ መሐረቧን ይዛ ቆማለች፣ አባቷ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ለማንም አልዋሸም።

«አዎ» አለች። «ከትናንት ጀምሮ፣ እስካሁን።»

ቴይን ጎንበስ ብሎ መኪናዋን አነሳና አቧራዋን በእጅጌው ጠርጎ ሰጣት።

«ብርድ ነው» አለ። «ልጅቷ ትነቃለች፤ እንሂድ።»

ላቮን መኪናዋን በካፖርቱ ውስጥ አቅፋ ከፊት ሄደች። ቴይን ሁለት እርምጃ ወደኋላ ቀርቶ ተከተላት።