የቦራ ጀርባ

ፈጠራ ነው የሚል ሰው አይጠፋም፣ አውቃለሁ። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ "ሂጂ ወዲያ!" ነበር የምለው።

ግን ይሄ የደረሰው አብራኝ በምትኖር ልጅ ላይ ነው... ዘንድሮ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ፣ በጠራራ ፀሐይ።

ጨለማ የለበትም። መቃብር የለበትም። ሽታ ግን አለበት። ምሳ እየበላችሁ የምታነቡ ካላችሁ፣ በማርያም፣ መጀመሪያ ብሉና ኑ።

እኔ ሰብሊ እባላለሁ። ኢምፔሪያል ጋ የሴት ልብስ እሸጣለሁ። ሀይሚ የአክስቴ ልጅ ናት፤ ጉርድ ሾላ ቢሮ ትሠራለች። ሲኤምሲ ቤት ተከራይተን አብረን እንኖራለን።

የሀይሚ ችግር አንድ ነው። ፈረስ ትወዳለች።

እኔ ደግሞ ፈረስ ሲሸተኝ ያቅለሸልሸኛል። ጋልባ ስትመጣ ሱሪዋን በር ላይ አስወልቄ ነው የማስገባት። "ፀዳ በይ እንጂ፣ ሴት ልጅ አይደለሽም እንዴ?" እላታለሁ። ትስቅብኛለች።

ከሰፈራችን ጀርባ ጋሽ ቢተው የሚባሉ ሰውዬ አሉ። አራት ፈረስ አላቸው፤ ቅዳሜና እሁድ መጋለብ ለሚፈልግ ያከራያሉ። አንደኛው ቦራ ነው። ጥቁር፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ያረጀ ፈረስ። ሀይሚ መጋለብ የተማረችው በሱ ነው። ለሱ ካሮት ልትገዛ ብላ የራሷን ምሳ የምትተው ልጅ ናት።

አንድ ቀን ጋሽ ቢተው ጠሯት።

"ሀይሚዬ፣ ቦራ አርጅቷል። የሚከራየው ሰው ጠፋ። የየረርን ጉዞ ከጨረሰ ሰው ይፈልገዋል፣ ይቆያል።"

"ካልጨረሰስ፣ ጋሼ?"

"ካልጨረሰ... ሜዳ ይወጣል።"

ሜዳ ይወጣል ማለት ምን እንደሆነ ፈረስ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል። ያረጀ ፈረስ ታርዶ አይበላም። እና ከከተማ ወጣ አድርገው ይለቁታል። ማታ ጅብ ይመጣል። ጠዋት የሚገኘው ኮቴና ጭራ ነው።

ሀይሚ እዚያው ቆማ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና "እኔ እጋልበዋለሁ። ይጨርሳል" አለቻቸው።

ጉዞው እንዲህ ነው። ከቦሌ አራብሳ ጀርባ ካለው ሜዳ ይነሳል፣ የረር ተራራን ይወጣል፣ ተመልሶ እዚያው ሜዳ ያልቃል። ስልሳ ኪሎ ሜትር። ቀድሞ መግባት ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ፈረሱ ጤነኛ ሆኖ መግባት አለበት። በየማረፊያው የፈረስ ሐኪም ኮርቻውን ያስወርዳል፣ የልብ ምት ይቆጥራል፣ ጀርባውን በእጁ ይዳብሳል። ቁስል ከተገኘ አለቀ። ፈረሱ ከጉዞው ይወጣል።

አርብ ከሰዓት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሀይሚ ቦራን ልታዘጋጀው ሄደች።

ኮርቻውን አወረደች። ከሥሩ ያለውን ጨርቅ ሳበችው... አልመጣም።

ተጣብቋል።

ቀስ አድርጋ ላጠችው። ቆዳም አብሮ መጣ።

የእጅ መዳፍ የሚያህል ቁስል ነው። መሀሉ ቢጫ፣ ዳር ዳሩ እርጥብ። መግሉ በጎድኑ በኩል ይወርዳል። ሽታው... ተዉት፣ አሁንም ስጽፈው አፌ ውኃ ሞላ።

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ "ሐኪም ጋ ልውሰደው" ይላል። ሀይሚ ግን ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ነገ ሐኪሙ ይሄን ካየ፣ ቦራ ለጅብ ነው።

መንገድ ዳር ወዳለው ሊስትሮ ሮጠች።

"ጥቁር ቀለም። ቆርቆሮውን እንዳለ ሽጥልኝ።"

"ምን ያህል ጫማ ቢኖርሽ ነው?" አላት ሰውየው። ከፍላው ተመለሰች።

አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። የጫማ ቀለም። በመዳፏ እየዛቀች ቁስሉ ላይ ለቀለቀችው። መግሉ ላይ! የኔ የአክስት ልጅ!

ፈረስ ዝንብ ሲያርፍበት ቆዳውን ብቻ ለይቶ እንዴት እንደሚያርገፈግፍ አይታችኋል? ቦራ እንደዚያ አደረገ። አንዴ... ሁለቴ... ከዚያ ተወው። አንገቱን አዞረና አያት። ረጅም ጊዜ አያት።

ቀለም በነካው እጇ አንገቱን ሁለት ጊዜ ቸብ ቸብ አደረገችው።

"አይዞህ... አይዞህ። ጨርስልኝ ብቻ።"

ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት። ሜዳው ላይ አሥራ አራት ፈረሶች። ሐኪሙ ዶክተር ሱሌማን ይባላል፤ ረጋ ያለ፣ ትንሽ የሚያወራ ሰው ነው። ቦራ ጋ ደረሰ። እጁን ጀርባው ላይ አሳረፈና ከትከሻው ጀምሮ እየተጫነ ሄደ።

ሀይሚ እጁን በዓይኗ ተከተለች።

እጁ ቁስሉ ላይ ደረሰ። ተጫነው።

ቦራ ንቅንቅ አላለም።

ሀይሚ ግን "ውይ!" ብላ ጮኸች። ጀርባዋን፣ ከሁለቱ ትከሻዎቿ መሀል፣ ሰው ጣቱን የሰደደባት መሰላት።

"ምነው?" አላት ዶክተሩ።

"ምንም... ወገቤን ይዞኝ ነው።"

ዶክተሩ እጁን አየ። ምንም ቀለም የለበትም። "ጥሩ ጀርባ ነው። ሂጂ" አላት።

የመጀመሪያዎቹ ሃያ ኪሎ ሜትሮች ሜዳ ናቸው። ቦራ በሰላም ሄደ። እንዲያውም ዕድሜው በአሥር ዓመት የቀነሰ ይመስል ነበር። ዝንቦቹ ብቻ ግራ አጋቧት። ፈረስ ካለ ዝንብ አለ፤ ያ አይገርምም። እነዚህ ግን ቦራን አይነኩትም።

ጀርባዋ ላይ ነበሩ። ሸሚዟ ላይ። ስትመታቸው ተነስተው ተመልሰው እዚያው ያርፋሉ።

ተራራው ሥር፣ የመጀመሪያው ማረፊያ። ዶክተር ሱሌማን ማዳመጫውን ቦራ ደረት ላይ አደረገና ሰዓቱን አየ። ፊቱን ቋጠረ። እንደገና ቆጠረ።

"ሠላሳ ስድስት" አለ። "ጋጣ ውስጥ ቆሞ የዋለ ፈረስ ነው እንዲህ የሚመታው። ላብ እንኳን የለውም።"

ከዚያ ሀይሚን ቀና ብሎ አያት። ላቧ በአገጯ ይንጠባጠባል። በአፏ ዳርና ዳር ነጭ አረፋ ነበር።

"አንቺን ነበር መመርመር" አለ። ሊቀልድ ፈልጎ ነው። አልሳቀም።

ውኃ ሰጧት። አልጠጣ አላት። አጠገቧ ለፈረሶቹ የተፈታ ድርቆሽ ነበር... ሽታው ደስ አላት።

ይሄን ስትነግረኝ ምራቋን እየዋጠች ነበር። እግዚኦ!

የረር ከታች ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ወደ ላይ ሲሄዱ ዳገቱ ይከፋል፤ ጋላቢዎች ከፈረስ ወርደው ልጓሙን እየሳቡ በእግር ይወጣሉ። ሀይሚም ወረደች። ድንጋዩ ይንሸራተታል። በእጇ መሬቱን መያዝ ግድ ሆነባት። አንድ እጅ... ሁለት እጅ...

ያኔ የሆነ ነገር ጀርባዋ ላይ ተቀመጠ።

ከባድ ነው። ሙቀት አለው።

ቦራ ከኋላ ተደግፎኝ ነው ብላ ዞረች። ከኋላዋ ማንም የለም።

ቀና አለች። ቦራ ፊት ለፊቷ፣ ከሷ በላይ፣ ድንጋይ ላይ ቆሟል። ጀርባው ባዶ ነው። ያያታል።

አፏ ውስጥ የብረት ጣዕም መጣ። የከንፈሯ ዳርና ዳር ወደ ኋላ ተሳበ።

"ከዚያስ?" አልኳት።

"ከዚያማ... ጨረስን።"

"እንዴት ወረዳችሁ?"

"አላስታውስም። ብቻ መቆም አልቻልኩም።"

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ሜዳው ገቡ። ሰው አጨበጨበ። ጋሽ ቢተው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። "አይ ቦራ! አይ ልጄ! ይቆያል፣ ይቆያል!" አሉ። ሀይሚ የፈለገችው ይሄን ቃል ነበር። እንዳትደሰት ግን መዳፏ ውስጥ ጠጠር ተሰክቶ ደም ያዥ ነበር።

መሐሪ የሚባል ሌላ ጋላቢ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ሀይሚ... ቁልቁለቱ ላይ አየሁሽ" አላት በሹክሹክታ። "ፈረሱ ከፊት ባዶውን ይሄዳል። አንቺ ከኋላው ትሮጪያለሽ።"

"እና?"

"በእጅሽም ነበር የምትሮጪው" አላትና ጥሏት ሄደ።

ዶክተር ሱሌማን የመጨረሻውን ምርመራ ጀመረ። ኮርቻውን አወረደ። የቦራ ጀርባ ፀጉሩ እንኳን አልተጎዳም። ቀለም የለ፣ ቁስል የለ፣ ጠባሳ የለ። የሚያብረቀርቅ ንፁህ ጀርባ ነው።

"አልፏል" ብሎ ፈረመ።

ከዚያ ኮርቻውን ገለበጠው። ጨርቁ ርሷል። ቢጫ ነው። ዶክተሩ በጣቱ ነካው፣ አሸተተው፣ ወደ ሀይሚ ጠጋ አለ።

"ፈረሱ ቁስል የለበትም" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ይሄ መግል የማነው?"

ጨርቁን ከእጁ ተቀብላ ጠቀለለችው።

ይሄን ሁሉ የነገረችኝ ያን ዕለት፣ ቤት እንደገባች ነው። "ጀርባሽን አሳዪኝ" ብላት እምቢ አለች። ፀሐዩ መትቷት ነው ብዬ ተውኩት። ምን ዓይነት ጅል ነበርኩ!

ከዚያ ሳምንቱ መጣ። እሑድ ቤቱ መሽተት ጀመረ። የሞተ አይጥ አለ ብዬ ሶፋውን ገለበጥኩ። ሰኞ በረኪና ደፋሁ። ማክሰኞ ሽታው ከየት እንደሚመጣ ገባኝ፤ እራት አብረን ልንበላ ስትቀመጥ ጉርሻዬ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ተነስቼ አስመለስኩ።

እሷም አልበላችም። የከንፈሯ ዳርና ዳር ተሰንጥቆ ነበር።

"ሐኪም ቤት እንሂድ፣ ሀይሚዬ።"

"አይሆንም። ካዩት ያስወጡኛል።"

"ከየት ነው የሚያስወጡሽ?"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ረቡዕ ከሥራ ስመለስ ጉርድ ሾላ የታክሲ ሰልፍ ላይ አየኋት። ቆማ ተኝታለች። ዓይኗ ግማሽ ክፍት ነው፤ ሰልፉ አልፏት ሄዷል። አጠገቧ ያሉት ሴትዮ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘዋል። አንድ ዝንብ ጀርባዋ ላይ አረፈ።

የትከሻዋ ቆዳ ለብቻው ተርገፈገፈ። ሌላው አካሏ ንቅንቅ አላለም።

ጋሽ ቢተው ጋ ደወልኩ። "ቦራ እንዴት ነው?" አልኳቸው።

"ኧረ ልጄ፣ ጥጋብ ገድሎታል! ዕድሜው ወደ ኋላ የሄደ ነው የሚመስለው" አሉኝ እየሳቁ።

አርብ ሱቄን ቀደም ብዬ ዘጋሁ። ቤት የደረስኩት ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። በራሴ ቁልፍ ከፍቼ ገባሁ።

ሀይሚ ሳሎን መሀል፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ በጉልበቷና በእጇ መሬት ላይ ናት። ሸሚዝ አልለበሰችም። ቤት ውስጥ ከሷ በቀር ማንም አልነበረም። ክፍሎቹን ሁሉ አይቻለሁ፣ መታጠቢያ ቤቱን ጭምር።

ከሁለቱ ትከሻዎቿ መሀል መዳፍ የሚያህል ቁስል አለ። አያችሁ፣ እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለዚህ ነው። ቁስሉ ጥቁር ነው። በጫማ ቀለም ተለቅልቋል። ቀለሙ ገና እርጥብ ነው፤ ከሥሩ መግሉ ወደ ጎኗ ይወርዳል።

አፌን ያዝኩ።

"ሀይሚ... ይሄን ማን ቀባሽ?"

"ነገ ሐኪሙ እንዳያይብኝ ነው" አለች በሹክሹክታ። ዞራ አላየችኝም።

"የት ልትሄጂ?"

"የረር።"

"አትሄጂም! አብደሻል እንዴ?"

"ሰብሊዬ... ካልጨረስኩ ሜዳ ያወጡኛል።"

እጇን ይዤ ገለበጥኩት። መዳፏ ላይ የጠጠሩ ቁስል እንጂ ቀለም የለም። ሌላኛውንም አየሁ። እሱም ንፁህ ነው። ደግሞስ የራሷ እጅ እዚያ ቦታ ይደርሳል እንዴ?

ላነሳት ብዬ ፀጉሯን ከአንገቷ ላይ ገለል አደረግሁ።

አንገቷ ላይ የእጅ ምልክት አለ። ጥቁር፣ አምስት ጣት፣ ከኔም ከሷም እጅ የሚተልቅ።

ሁለት ጊዜ። ቸብ ቸብ የተደረገች ያህል።