የዲኑ የሰኞ ቁርስ

ዶክተር ወልደየስ የሞቱት ሰኞ ጠዋት ነው፤ ከሚመሯት ካምፓስ ጣሪያ ላይ ወድቀው። ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል፤ ጓንታቸውንም አድርገዋል። ሬሳቸው በተነሣ ማግስት ቢሆን ባልከፋ፣ የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ከተራሮቹ ወርዶ የጣሪያውን በረዶ ከነዱካው አቀለጠው።

ጊዜው የካናዳዋ ካልጋሪ በነዳጅ ያበደችበት ነበር። የግዛቱ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ካምፓሶች ነበሩት። የመሀል ከተማው የፔትሮሊየም ምሕንድስና ያስተምራል፤ የምዕራቡ ንግድና ሕግ። ራንድል ሰፈር ያለችው የዶክተር ወልደየስ ትንሽ ካምፓስ ደግሞ ነርሶችን፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዎችንና መምህራንን ታወጣለች፤ አብዛኞቹ ከሌላ አገር መጥተው እንደገና ሀ ብለው የጀመሩ ናቸው። ዋናው ቢሮ እሷን ዘግቶ በቦታዋ ሌላ የፔትሮሊየም ተቋም ሊተክል ቆርጧል። ቦርዱ ድምፅ የሚሰጠው ሐሙስ ነው፤ ዶክተር ወልደየስም በዕለቱ ተናግረው ሊያስቆሙት ነበር። አሁን ግን «ዲኑ ተስፋ ቆርጠው ራሳቸውን ገደሉ» የሚል ወሬ ከተማውን ሞላው። የራሷ ዲን ተስፋ የቆረጠባትን ካምፓስ ማን ያድናታል?

ድንገተኛ ሞት የምታጣራው መርማሪ ሸዋዓለም፣ ሥራዋን ሳትጀምር መልሱን የሚነግሯት ሰዎች ያንገሸግሿታል። የዲኑን ቢሮ ብቻዋን ገብታ አየች። ጠረጴዛው ላይ ባዶ የወተት ቡና ኩባያና የእንቁላል ሳንድዊች መጠቅለያ አለ። ቦርሳቸው ውስጥ ምስር ወጥ የያዘ የምሳ ዕቃ ሳይነካ ተቀምጧል።

በዚያው ሰኞ ረፋድ መጀመሪያ ያነጋገረችው ምክትል ዲኑን አቶ ደርበውን ነው። አቶ ደርበው ዓይናቸው ከወለሉ አልነሣ አለ። ጥቂት ስትገፋፋቸው፣ ካምፓሷ መዘጋቷ ስለማይቀር በድብቅ መሀል ከተማ ሥራ ማመልከታቸውን አመኑ።

«ጠዋት ሻይ እንጠጣ ብላቸው እምቢ አሉኝ» አሉ። «ሰምተውብኛል ብዬ አፍሬ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።»

ቀጥላ ብርቅነሽ መጣች። ብርቅነሽ ዶቨር ሰፈር የምትኖር፣ በነርስነት ልትመረቅ ጥቂት የቀራት ተማሪ ናት። ዓርብ ዕለት ዲኑን «ለስላሳ ነዎት» ብላ በሰው ፊት እንደ ጮኸችባቸው ራሷ ተናገረች። ሸዋዓለም ከፔርሙሷ ቡና ቀድታ ብትሰጣት አመስግና መለሰችው።

«እትዬ፣ ተስፋ ቆርጠው ነበር የሚለኝን ሰው ዓይኑን እያየሁ ውሸታም እለዋለሁ» አለች።

መጨረሻ ላይ የዋናው ቢሮ የፕላን ኃላፊ ማኑ ገባ፤ በሕፃንነቱ መጥቶ ካልጋሪ ያደገ፣ ፈገግታ የማይጠፋው ጎልማሳ ነው። የአዲሱ ተቋም ኃላፊነት ለእሱ እንደሚሰጥ ሁሉም ያውቃል።

«ላስት ያየኋቸው እኔ ነኝ» አለ። «ብሬክፋስት ይዤላቸው ሄድኩ። ኤግ ሳንድዊች በቺዝ፣ ከላቴ ጋር። ሁሉንም በሉት። ከዛ፣ ዩ ኖው፣ "ማኑ፣ ደክሞኛል፣ በቃኝ" አሉና አለቀሱ። ቢሯቸው ትቻቸው ወጣሁ።»

«ጾም የላቸውም?»

«ኖ፣ ሰኞ እኮ ነው። ረቡዕና ዓርብ እንደሚጾሙ አውቃለሁ፤ ማሚም እንደዛው ናት።»

የጣሪያውን በር የከፈተው ለልኬት እንደሆነና መቆለፉን እንደረሳው ጨመረ። ቁልፉን ከጥበቃ የወሰደው እሱ ብቻ ነበር። ሸዋዓለም አመስግና ሸኘችውና ሬሳውን ለሚመረምረው ሐኪም ደወለች።

ሐሙስ፣ ቦርዱ ከመሰብሰቡ በፊት፣ ሦስቱንም የነርሶች መለማመጃ ክፍል ጠራቻቸው። የቦርዱ ሰብሳቢም፣ ሽበታም የካልጋሪ ተወላጅ ሴት፣ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ እንድትሰማም ንግግሩ በእንግሊዝኛ ሆነ።

«ከጓንቱ ልጀምር» አለች ሸዋዓለም። «ሊሞት የሚወጣ ሰው ጣቴን ይበርደኛል ብሎ አይጨነቅም። ዶክተር ወልደየስ አንድ ነገር አይተው ሊመለሱ ነው የወጡት። ያስወጣቸው ሰው አለ።»

ወደ ምክትል ዲኑ ዞረች።

«አቶ ደርበው፣ ሻይዎን እምቢ ያሉት ተቀይመው መስሎዎታል። ግን የዚያኑ ቀን ብርቅነሽም ቡናዬን መለሰች፤ እሷ በእኔ የምትቀየምበት ምክንያት የላትም። ብርቅነሽ፣ ለምን አልጠጣሽም?»

«ነነዌ ነዋ» አለች ብርቅነሽ፤ የተናገረችው ገና አሁን የገባት ይመስል ወደ ማኑ ዞረች።

«ሦስት ቀን የሚጾም ጾም ነው» አለች ሸዋዓለም ለሰብሳቢዋ፤ «ሁልጊዜ ሰኞ ይገባል። እስከ ከሰዓት በኋላ ውኃም የለ፤ እንቁላልና ወተትማ ጭራሽ አይታሰብም። እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ግን ባደግሁበት ሰፈር ነነዌን የማይጾም አልነበረም። ባህሉን የማያውቅ ሰው ቢሆን ስለ ጾም ጨርሶ አያስብም። ማኑ አሰበ። ግማሹን ስለሚያውቅ ረቡዕና ዓርብ ላይ ቆመ።»

«ካም ኦን» አለ ማኑ። «ተስፋ የቆረጠ ሰው ጾሙን ሊሰብር ይችላል።»

«እኔም ብዬ ነበር። ለዚህ ነው ሐኪሙን የጠየቅሁት። ሆዳቸው ባዶ ነው። ሳንድዊቹን የበላኸው፣ ላቴውንም የጠጣኸው አንተ ነህ፤ መጠቅለያውን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥክ። ቁርስ ካልነበረ የቁርሱ ወሬም አልነበረም። "በቃኝ" ያሉት እሳቸው አይደሉም። ቁልፉ ደግሞ በአንተ እጅ ነበር።»

የማኑ ፈገግታ ጠፋ። ከመለማመጃ አልጋዎቹ የአንዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ወደ አማርኛው ተመለሰ።

«ጣሪያው ላይ ያወጣኋቸው አዲሱ ቢልዲንግ የት እንደሚያርፍ ላሳያቸው ነበር። "ቦርዱን አሳምኜ ጨርሻለሁ፣ ሐሙስ ታየዋለህ" ብለው ሳቁብኝ። ፕላን አላደረግኩትም። ገፋኋቸው። ሳንድዊቹ ከዛ በኋላ ነው የመጣልኝ።»

ብርቅነሽ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። አለቀሰች፤ ኩራቱ ግን ከሐዘኑ በልጦባት ነበር። ሰውየው የሞቱት እየሳቁ፣ እንደሚያሸንፉ እያወቁ ነው።

ፖሊሶች ገብተው ማኑን ሲወስዱት ሰብሳቢዋ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ለሐዘኑ ክብር ሲባል ድምፁ ለሚቀጥለው ዓመት ቢተላለፍ እንደሚሻል ተናገረች። እስከዚያ ድረስ ግን አዲስ ተማሪ አይመዘገብም አለች፤ አዲስ ተማሪ የሌላት ካምፓስ ደግሞ ያለ ድምፅም ትዘጋለች። አቶ ደርበው ለመስማማት አፋቸውን ሲከፍቱ ብርቅነሽ ቀደመቻቸው።

«ለቅሶውን እኛ እንደርሳለን» አለች። «እናንተ ዛሬ ድምፅ ስጡ።»

የቦርዱ መሰብሰቢያ አዳራሽ በተማሪ ታጭቆ፣ በሩ ላይም ሰው ቆሞ ነበር። የተናጋሪዎቹን ዝርዝር ማንም ስላላስተካከለው፣ ጸሐፊው ቀና ሳይል ያለውን አነበበ፦ «ዶክተር ወልደየስ።»

«አቤት» አለች ብርቅነሽ፤ ተነሥታም ወደ መድረኩ ወጣች።